ውሻዬ ኳሱን ያነሳል፣ ግን አያስረክበኝም

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ወር ላብራዶር አለኝ፣ ስሙ ቦቢ ነው። ኳስ ስወረውርለት ሮጦ ያነሳል። እስከዚህ ጎበዝ ነው። ችግሩ ሲመለስ ነው። አጠገቤ ሊደርስ ሲል ጠምዘዝ ብሎ በዙሪያዬ ይሮጣል። ስከተለው ይብስበታል። ከያዝኩት ደግሞ ኳሱን ነክሶ ሙጭጭ ይላል፤ አለዚያም እግሬ ሥር ጥሎት ይዘልብኛል። ረጋ ብሎ እጄ ላይ እንዲያስረክበኝ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ማሳደዱን ተው። አንተ ስትሮጥ ለሱ ጨዋታው ገና ደመቀ ማለት ነው፤ በሩጫ ደግሞ አትችለውም። ኳሱን አንስቶ ወዳንተ ሲዞር ጀርባህን ሰጥተኸው ራቅ ራቅ በል። ራሱ ይከተልሃል። ለጊዜው ሜዳውን ትተህ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አሠራው። በሮቹን ዝጋና አንዱ ጫፍ ላይ ቁም። ማለፊያ ስለሌለው ወዳንተ ብቻ ነው የሚመጣው።

መልስ 2፦ በሱ ላይ ልጨምር። ሲመጣልህ እጅህ ቀድሞ ወደ ኳሱ አይሂድ። የሚሸሸው እኮ እንደምትነጥቀው ስላወቀ ነው! ጎንህን ሰጥተኸው ቁጢጥ በል። ኳሱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ደረቱን እሽት እሽት አድርግለት። ሲረጋጋ መዳፍህን ከአገጩ ሥር አድርገህ አንዴ ብቻ "ልቀቅ" በለው። አትጎትት፤ በጎተትክ ቁጥር ያጠብቃል።

መልስ 3፦ ኳሱን እግርህ ሥር የሚጥለው፣ ምግብ ቀድመህ እያሳየኸው ስለሆነ ይሆናል። ቁራሽ ሥጋ ካየ ኳሱ ምን ያደርግለታል? መያዝን ለብቻው አስተምረው፣ ሳትወረውር። አስቀምጠው፣ የጨርቅ ጥቅል አፉ ላይ ስጠው፣ ለአፍታ ከያዘ "ልቀቅ" በለው። ሥጋው ከኪስህ የሚወጣው ጥቅሉ እጅህ ከገባ በኋላ ነው። የሚይዝበትን ጊዜ ቀስ በቀስ አርዝምበት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ኮሪደሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይመጣል! አሁን የቀረው ማኘኩ ነው። ኳሱን ጨመቅ ጨመቅ እያደረገ ነው የሚያመጣው።

መልስ 2፦ ለስላሳ ኳስ ራሱ ጭመቀኝ ይላል። በተጨማሪም የቴኒስ ኳስ ጸጉር ሲታኘክ ጥርስ ይሞርዳል። ለትምህርቱ ጠበቅ ያለ የጨርቅ ጥቅል ይሻላል። በሱ ግን ጉተታ አትጫወቱ፣ ለዚያ ሌላ ገመድ ይኑረው። አፉንም ገልጠህ እይ። በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርስ መለወጡ አብቅቶ መሆን አለበት፤ ድዱ ቀልቶ ወይም አብጦ ካየህ ልምምዱን አቁመህ ለእንስሳት ሐኪም አሳየው። ሌላው፣ ገና ስትወረውር አትልቀቀው። ተቀምጦ ይጠብቅ፤ ጥቅሉ መሬት ወድቆ ጸጥ ካለ በኋላ ላከው። እየተቅበጠበጠ የሄደ ውሻ እየተቅበጠበጠ ነው የሚመለሰው። ሦስት አራት ጊዜ ከወረወርክ ይበቃል። ገና እያማረው አቁም።

መልስ 4፦ በኳስ ፋንታ እንጨት የምትወረውሩ ካላችሁ ተዉት፣ አፉንና ጉሮሮውን ሊወጋው ይችላል። ደግሞ ቦቢ ዕቃው ላይ ድርቅ ብሎ ካጉረመረመ ያ ጨዋታ አይደለም። በግድ አትቀማው፤ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ይየው።