የኦይለርስ አመራር በምን ይመዘን? በመረጠው ልጅ ወይስ ባሳደገው?

የሰሜን ልጅ

ይህን ክርክር የማነሳው የበረዶ ሆኪ ቡድናችን የኤድመንተን ኦይለርስ ኮከብ ኮነር ማክዴቪድ ኦክቶበር 2025 ላይ የፈረመውን ውል ካየሁ በኋላ ነው። ለሁለት ዓመት ብቻ፣ በዓመት 12.5 ሚሊዮን ዶላር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችል ነበር። ገንዘቡን ተወት አድርጎ ጊዜውን አሳጠረው። እኔ የገባኝ «ዋንጫ የሚበላ ቡድን ሥሩልኝ፣ ቀኑ እየሄደ ነው» ማለቱ ነው።

ስለዚህ እንጠያየቅ። የኤድመንተን ኦይለርስ አመራር ባለፉት 15 ዓመታት ሥራውን ሠርቷል ወይ? እኔ አልሠራም ባይ ነኝ።

ሆኪን በቅርብ መከታተል ለጀመራችሁ ባጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ የሆኪ ሊግ) ቡድኖች ተራ በተራ ታዳጊዎችን ይመርጣሉ። አብዛኞቹ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። ድራፍት የሚባለው ይህ ነው፤ ሰባት ዙር አለው። ደካማ ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች ግን በሎተሪ ነው የሚወጡት። ኦይለርስ በ2010፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2015 የመጀመሪያው ተራ ደረሰው። በስድስት ዓመት አራት ጊዜ! ቴይለር ሆልን፣ ራያን ኑጀንት-ሆፕኪንስን፣ ኔይል ያኩፖቭን፣ ኮነር ማክዴቪድን ወሰደ። በ2014 ደግሞ በሦስተኛ ተራ ሊዮን ድራይዛይትልን አገኘ። ይህ ሁሉ ተሰጥቶት ከ2006ቱ ፍጻሜ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር) አልገባም። የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያነሣው በ1990 ነው።

ማክዴቪድን መምረጥ ሥራ አይደለም። ያን ዓመት ተራው የደረሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚወስደው። ኦይለርስ ሎተሪውን ያሸነፈው 11.5 በመቶ ዕድል ይዞ ነው፤ የመጨረሻ የወጣው ባፋሎ ነበር። አመራር የሚታየው ዕድል ባልረዳው ቦታ ላይ ነው። ከላይኛው ተራ ወረድ ሲል ማንን መረጠ? በልውውጥ ምን ሰጥቶ ምን አመጣ? የመረጠውን ልጅስ እንዴት ያዘው?

ቁጥር ይናገር

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ። ሎተሪ ሥራ አይደለም። ፍርዱ ላይ ግን ተቸኩሏል። ካለፈ በኋላ ሁሉም አዋቂ ነው።

2012ን ውሰድ። ያኩፖቭ አንደኛ ወጣ፣ ኤንኤችኤል ውስጥ ግን 350 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ኦይለርስን ለዚህ ስንወቅስ ኖረናል። በዚያው ድራፍት ኮነር ሄልባክ የሚባል በረኛ 130ኛ ነው የተመረጠው። ዛሬ የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም አልፎታል። የመረጠው ዊኒፔግ ራሱ እስከ አምስተኛው ዙር አልነካውም። እንግዲህ ሊጉ በሙሉ ሥራውን አያውቅም ልንል ነው?

ሌላም አለ። በጣም የምትጠሉት ሥራ አስኪያጅ ፒተር ቺያሬሊ ነው፤ ከ2015 እስከ 2019 መጀመሪያ የነበረው። ኢቫን ቡሻርድ በ10ኛ ተራ የተመረጠው በ2018፣ በእሱ ጊዜ ነው። የከተማችን ልጅ በረኛው ስቱዋርት ስኪነርም በ2017 በ78ኛ ተራ የተመረጠው በእሱ ጊዜ ነው። ሁለቱም ቡድኑን ለፍጻሜ ካደረሱት ውስጥ ናቸው። ምስጋናውን የወሰደው ማነው? ከእሱ በኋላ የመጣው ኬን ሆላንድ። አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ያጭዳል። ሥራ አስኪያጅን በሥልጣን ዘመኑ በታየው ውጤት ብቻ ከመዘናችሁ ሁልጊዜ የተሳሳተውን ሰው ነው የምትሸልሙት።

የሰሜን ልጅ

ቺያሬሊን ካነሣኸው እዚያው እንቆይ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ጋ ነው።

ጁን 2015። ማክዴቪድ በተመረጠበት በዚያው ምሽት ቡድኑ የ16ኛ እና የ33ኛ የመምረጥ ተራውን አይላንደርስ ለሚባለው ቡድን ሰጠ። ያመጣው ግሪፊን ራይንሃርት የሚባል ተከላካይ ነው። ልጁ ለኦይለርስ 29 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። አይላንደርስ በ16ኛው ተራ ማቲው ባርዛልን ወሰደ። ባርዛል በ2018 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

በዓመቱ ደግሞ ሆልን ለኒው ጀርሲ ሰጥቶ አዳም ላርሰንን አመጣ፣ አንድ ለአንድ። ላርሰን ደህና ተከላካይ ነበር፣ አልክድም። ሆል ግን በ2018 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ።

አሁን ይህን ስሙ። የ2014 ድራፍት የመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች እነማን ነበሩ? አሮን ኤክብላድ፣ ሳም ራይንሃርት፣ ድራይዛይትል፣ ሳም ቤኔት። ከድራይዛይትል በቀር ሦስቱም በ2024 እና በ2025 ፍሎሪዳን ሆነው ፍጻሜ ላይ መጡብን። በ2024 የመጨረሻው፣ ሰባተኛው ጨዋታ 2 ለ 1 ሲያልቅ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ሳም ራይንሃርት ነው። የግሪፊን ወንድም! በ2025 ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ብቻውን አራት አገባብን። ሁለት ምርጫ ከፍለን ያመጣነው ወንድምየው ያኔ ከሊጉ ከወጣ ቆይቷል። ያን ምሽት 107ኛ አቬኑ ላይ ካለ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ማንም አልተናገረም። ሂሳቡን ከፍለን በየመኪናችን ገባን።

ፍሎሪዳ ከሦስቱ የመረጠው ኤክብላድን ብቻ ነው። ራይንሃርትን ከባፋሎ፣ ቤኔትን ከካልጋሪ በልውውጥ አመጣቸው። የሰው ቤት ያልሆነላቸውን ልጆች ዓይቶ አነሣ። እኛስ በእነዚያ ዓመታት ከሰው ቤት ማንን አነሣን?

ዋንጫ ናፋቂ

እየተናገርክ ያለኸው እኮ የእኔን ነው! ድራፍት ድራፍት የምትሉት ነገር ራሱ ነው ስህተቱ። ዋንጫ የሚያመጣው ልውውጥ ነው።

ቬጋስን እዩ። በ2017 ሊጉን ሲቀላቀል በመጀመሪያው ዙር ሦስት ልጆች መረጠ፦ ኮዲ ግላስ፣ ኒክ ሱዙኪ፣ ኤሪክ ብራንስትሮም። ሦስቱንም ሰጠ። በብራንስትሮም ማርክ ስቶንን አመጣ። በ2023 ዋንጫውን ሲያነሣ አምበሉ ስቶን ነበር። ሱዙኪ ዛሬ የሞንትሪያል አምበል ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ቬጋስ ውስጥ «ምነው ባልሰጠነው» ብሎ የሚያለቅስ ያለ አይመስለኝም።

ሆላንድም መጨረሻ ላይ ይህ ገብቶት ነበር። በ2023 የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን፣ ሪድ ሼፈር የሚባለውን ታዳጊ እና ታይሰን ባሪን ጨምሮ ሰጥቶ ማቲያስ ኤክሆልምን ከናሽቪል አመጣ። የመከላከል መስመሩ ወዲያው ተጠናከረ። ዛክ ሃይማንን በ2021 ያለ ምንም ልውውጥ አስፈረመ፤ በ2023-24 ዘመን 54 ጎል አገባ። ማክዴቪድ ያለው ቡድን የ18 ዓመት ልጅ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

የበረኛ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ልጄ በረኛ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ወደ በረዶ ሜዳ ነው የምነዳው። እናም አንድ ነገር አይቻለሁ።

ሁላችሁም ስለ መምረጥ ታወራላችሁ። ከተመረጠ በኋላ ልጁ ምን ሆነ? የሴ ፑልዩያርቪን አስታውሱ። ከፊንላንድ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታ። በ2016 አራተኛ ተመረጠ። ያን ዓመት ከላይ ሦስቱ ውስጥ ይወጣል ይባል ስለነበር ኦይለርስ በመውሰዱ አልፈርድበትም። ግን ወዲያው ትልቁ ቡድን ውስጥ አስገቡት። 28 ጨዋታ ተጫወተ፣ አልሆነለትም፣ ወደ ሁለተኛው ቡድናቸው፣ ወደ ቤከርስፊልድ ላኩት። ከዚያ መልሰው አመጡት፣ ደግሞ ላኩት። በ2019 አገሩ ገባና አንድ ዓመት እዚያው ተጫወተ። ከተመለሰም በኋላ የተጠበቀው ልጅ አልሆነም። በ2023 ለካሮላይና ሰጡት።

ድራይዛይትልንስ? እሱንም በ18 ዓመቱ አስገቡት። 37 ጨዋታ፣ ሁለት ጎል። ግን ቆም ብለው አሰቡና ወደ ታዳጊዎች ሊግ፣ ወደ ኬሎውና መለሱት። እዚያ ከእኩዮቹ ጋር እንደ ልቡ ተጫወተ፣ ተማመነ፣ የውድድሩ ኮከብ ሆኖ ወጣ። በ2020 የሊጉ ምርጥ ተባለ። ቡሻርድም እንዲሁ ነው። ሰባት ጨዋታ አይተው መለሱት፣ ቤከርስፊልድ ሠራ፣ ቋሚ የሆነው በ2021-22 ነው። በ2024 ፕሌይኦፍ 32 ነጥብ (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) አመጣ። ተከላካይ ሆኖ!

እኛ ቤት ሊጡ ሳይቦካ የሚጋግር የለም። ዱቄቱ ምርጥ ጤፍ ቢሆን እንኳ ዓይን አያወጣም። የእኔን ልጅ አንድ አሠልጣኝ ከሁለት ዓመት ከሚበልጡት ጋር አሰልፎት ያውቃል፣ «ጎበዝ ስለሆነ» ተብሎ። በየጨዋታው ሰባት ስምንት እያገቡበት መኪና ውስጥ እያለቀሰ ይመለስ ነበር። ወደ እኩዮቹ እስኪመለስ ወር ፈጀብን። ከዚያ በፊት ሆኪ ይወድ እንደነበር እሱም ረስቶት ነበር። ስለዚህ ዋንጫ ናፋቂ ወንድሜ፣ «ልጅ የሚጠብቅበት ጊዜ የለም» ስትል ልቤ አይቀበለውም።

ጋሼ ከካልጋሪ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ልክ ብለሻል።

እኔ የጠላት ቡድን ደጋፊ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። መምረጥም፣ ማሳደግም ተችሎ ማቆየት ካልተቻለ ምን ዋጋ አለው? እኛ ካልጋሪዎች በ2016 በስድስተኛ ተራ ማቲው ካቻክን መረጥን፤ እናንተ ፑልዩያርቪን በወሰዳችሁበት ዓመት። ነፍሱን ይማርና ጆኒ ጎድሮን በ104ኛ ተራ አገኘነው። ከዚህ በላይ ምርጫ የለም። ጁላይ 2022 ላይ ሁለቱም ሄዱ። ጎድሮ በነጻ፣ ካቻክ በልውውጥ። ካቻክ ፍሎሪዳ ሄዶ ምን እንዳደረገ የኤድመንተን ሰው ይንገረኝ።

የእናንተም እንዲሁ ሆነ። ኦገስት 2024 ላይ ሴንት ሉዊስ ለፊሊፕ ብሮበርግ እና ለዲላን ሆሎዌይ የውል ጥያቄ አቀረበ። አንዱ የ2019፣ አንዱ የ2020 የመጀመሪያ ዙር ምርጫችሁ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችሁ ስታን ቦውማን ሥራ ከጀመረ ወር አልሞላውም። ያንኑ ከፍሎ ያስቀራቸው ወይም ይልቀቃቸው እንደሆነ እንዲወስን ሰባት ቀን ተሰጠው። ሁለቱን ለማስቀረት በዓመት ወደ 6.9 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልግ ነበር። የደመወዝ ጣሪያው (ሊጉ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ያስቀመጠው ገደብ) ሞልቷል ተባለና ተለቀቁ። በምትካቸው አንድ የሁለተኛ፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ተቀበላችሁ።

ጣሪያውን የሞላው ማን ነው? ከአንድ ወር ተኩል በፊት ጄፍ ስኪነርን በ3 ሚሊዮን፣ ቪክተር አርቪድሰንን በ4 ሚሊዮን አስፈርማችሁ ነበር። ሁለቱም ከ30 ዓመት በላይ ናቸው። ሰባት ሚሊዮን ማለት ነው። በዓመቱ ሁለቱም ኤድመንተን የሉም። ሆሎዌይ ግን በዚያ ዓመት ለሴንት ሉዊስ 26 ጎል አገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ አይደል?

ቁጥር ይናገር

ጋሼ፣ ይህቺን መመለስ ይከብደኛል። ብሮበርግን በስምንተኛ ተራ ሲወስዱ እኔ ራሴ ተቃውሜ ነበር፤ ማት ቦልዲ እና ኮል ኮፊልድ ገና አልተመረጡም ነበር። ግን አምስት ዓመት ታግሰው አሳድገውት፣ ሊበላ ሲደርስ መስጠት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ካለፈ በኋላ ማወቅ የሚባል ሰበብ የለም። ያኔም ቁጥሩ ወረቀት ላይ ነበር።

አንድ ሌላም ልጨምር፣ ዕዳዬን ልክፈል ብዬ ነው። በ2021 ኦይለርስ 20ኛ ተራ ነበረው። የስፐር ዋልስቴት፣ የስዊድኑ በረኛ፣ ገና አልተወሰደም ነበር። ኦይለርስ ተራውን ለሚኒሶታ ሰጥቶ ወደ 22ኛ ወረደ፤ ጭማሪ የሦስተኛ ዙር ምርጫ አገኘ። ሚኒሶታ ዋልስቴትን ወሰደ። በረኛ ለዓመታት የዚህ ቡድን ራስ ምታት ሆኖ እያለ።

ዋንጫ ናፋቂ

እህቴ ያለችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሺ። ግን ማክዴቪድም ጊዜ የለውም። ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ ካለ ንገሩኝ። እኔ ኤክሆልምን ያመጣውን ልውውጥ ዛሬም አልጸጸትበትም፤ የጣሪያውን ነገር ግን ለጋሼ ሰጥቻለሁ። ጄፍ ስኪነርና አርቪድሰን ሲፈርሙ ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ።

የሰሜን ልጅ

የሚያስታርቅ መንገድ ካለ እሱን የምናየው አይዛክ ሃዋርድ ላይ ነው። ጁላይ 2025 ላይ ከታምፓ አመጡት፤ ሳም ኦራይሊን ሰጥተው። ኦራይሊን በ2024 በ32ኛ ተራ ለመውሰድ የ2025 የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ለፊላደልፊያ ከፍለው ነበር። ስለዚህ ሃዋርድ የዚያ ሁሉ ዋጋ ነው። ሚሺጋን ስቴት እያለ የአሜሪካ ኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሜዳ ገብቶ ሦስት ጨዋታ ጎል ካላገባ ከተማው ይጮኻል፣ እኛንም ጨምሮ። ያን ጊዜ አመራሩ ምን እንደሚያደርግ ነው የምጠብቀው። እንደ ድራይዛይትል ወርዶ እንዲሠራ ጊዜ ከሰጡት፣ «አልሠራም» ያልኩትን ቃሌን እዚሁ መጥቼ አነሣለሁ። የበረኛ እናት፣ አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ከእሱ እንዳታነሺ።

የበረኛ እናት

አላነሣም። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ከልጄ ጋር ነው የማየው።