«ነቃ»፣ «ተሰነጠቀ» ወይስ «ተፈለጠ»? የጊታር ጣውላ ጉዳት ስሞች

ጥያቄ፦
ስለ አኩስቲክ ጊታር አሠራር በአማርኛ ሲጻፍ፣ ጣውላው ላይ የሚወጣውን ጉዳት ሁሉ «ስንጥቅ» ብሎ ማለፍ ይበቃል? ነቃ፣ ተሰነጠቀ፣ ተፈለጠ የሚሉት ግሶች ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ከውስጥ በኩል ስንጥቁን ተሻግራ የምትለጠፈው ትንሽ ቁራጭ እንጨትስ ምን ትባል?

መልስ፦
አይበቃም። ግሶቹ የሚናገሩት ስለ ጉዳቱ መነሻ ነው፤ ጥገናውም የሚወሰነው በመነሻው ነው።

«ነቃ» ማንም ሳይነካው ደርቆ የተከፈተ ነው። ሸክላ ይነቃል፣ ግድግዳ ይነቃል፣ ተረከዝ ይነቃቃል፤ ንቃቃትም የመጣው ከዚሁ ነው። እንጨት ርጥበቱ ሲወጣ በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ንቃቱ ሁልጊዜ የእንጨቱን ጅማት፣ ማለትም ቃጫዎቹ የተዘረጉበትን አቅጣጫ፣ ተከትሎ ይሄዳል፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከጣውላው ጫፍ ነው፣ ርጥበት ከጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ። ከጊታሩ ቅርጽ መስመር ውጭ ካረፈ ቆርጦ መጣል ነው። ነገር ግን ዓይን ካየው በላይ ርቆ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከመቁረጥ በፊት ጣውላውን መብራት ፊት ይዞ ብርሃን የሚያሳልፈውን መስመር እስከ መጨረሻው መከተል ያስፈልጋል።

«ተሰነጠቀ» ኃይል ያረፈበት ነው፦ ምት፣ ውድቀት፣ ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ሞርሳ። ከንፈሮቹ፣ ማለትም የስንጥቁ ሁለት ጠርዞች፣ ትኩስ ናቸው፣ መልሰው ሲገጥሟቸው ልክክ ይላሉ። ይህኛው አቧራና የእጅ ወዝ ሳይገባበት ወዲያው ይጣበቃል። ከንፈሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ትልቅ ጥፋት ነው፤ እርስ በርስ የሚገጥሙትን ቃጫዎች ያጠፋቸዋል።

የነቃውን ግን በሞርሳ ጨምቆ መዝጋት አይገባም። በመጀመሪያ የአየሩ ርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ በሆነበት ክፍል ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይገጥማል። እንደደረቀ ተጨምቆ የተጣበቀ ጣውላ እንደተወጠረ ይቀራል። ደህና የያዘ ሙጫ ለጊታር ፊት ከሚሆነው እንጨት ከስፕሩስ የጅማት ትስስር ስለሚበረታ፣ ቀጣዩ ንቃት ከሙጫው መስመር አጠገብ ይወጣል።

ጭማሪ፦
ስለ ማጣበቁ። ሙጫው በመስመሩ ላይ ይፈስና ጣውላው በሁለት አውራ ጣት ቀስ እየተባለ ወደ ላይና ወደ ታች ይታጠፋል። ስንጥቁ በተከፈተ ቁጥር ሙጫውን ይስበዋል። በሌላው ፊት ትንንሽ ጠብታዎች ተሰልፈው ብቅ ሲሉ ሙጫው ዘልቋል ማለት ነው። ትርፉ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ ከላይና ከታች ሰም የተቀባ ወረቀትና ጠፍጣፋ እንጨት ይደረግና በለስላሳ ግፊት ይደር። ከጎን የሚመጣው ግፊት ከበዛ አንዱ ከንፈር በሌላው ላይ ይወጣል። ያን ለማስተካከል 2.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ጣውላ መላግ ሊመጣ ነው፣ ያም ጣውላውን ያሳሳዋል።

«ሙጫ» እና «ኮላ»ም ባይቀላቀሉ ጥሩ ነው። አናጺ ኮላ የሚለው ተዘጋጅቶ በዕቃ የሚሸጠውን ነው። ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራው የቆዳ ሙጫ ግን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሞቆ የሚቀባ ነው፤ ሲደርቅ ጠንካራ ይሆናል፣ ወደፊትም በሙቀትና በውኃ ይላቀቃል። ቶሎ የሚይዘው ቀጭን ማጣበቂያ፣ ሱፐር ግሉ፣ ራሱ ወደ ስንጥቁ ይሮጣል፤ ነገር ግን ያልተቀባ ስፕሩስ ይጠጣውና ቫርኒሽ ሲያርፍበት ጠቁሮ ይታያል። ሱፐር ግሉ መጠቀም ግድ ከሆነ ዙሪያውን አስቀድሞ ሼላክ የተባለውን የእንጨት ቅባት መቀባት ነው።

ጥያቄ፦
ርጥበት አግኝቶም ያልገጠመው ክፍተት ውስጥ የሚገባው ቀጭን እንጨት «ውሻል» ቢባልስ?

መልስ፦
እባክዎ አይበሉት። ውሻል ተመትቶ ገብቶ የሚፈልጥ ነው፤ ቃሉን ያነበበ ሰው መዶሻ ያነሳል። እዚህ የሚያስፈልገው «ስንጥር» ነው፦ ከዚያው የእንጨት ዓይነት፣ ጅማቱ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ፣ አንድ ጠርዙ በጥቂቱ ሳስቶ የተላገ፣ በጣት ግፊት ብቻ የሚገባ። በኃይል ከተገፋ ስንጥቁን ከጫፉ ያራዝመዋል።

ከውስጥ ስንጥቁን ተሻግራ ለምትለጠፈው ቁራጭ «ልጣፊ» እላለሁ። «ማገር» የሚሉም ይኖራሉ፣ ቃሉ ግን ከጣውላው ሥር ለሚጣበቁት ረጃጅም ደጋፊ እንጨቶች ይበልጥ ይስማማል። ልጣፊ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ስፋት፣ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃታል፤ ጠርዟ ዙሪያውን ይሳሳል፣ በየ4 ወይም 5 ሴንቲሜትሩ ትደረጋለች። ዋናው ነገር ጅማቷ ስንጥቁን ማቋረጡ ነው። ከስንጥቁ ጋር አብሮ ከሄደ አብራው ትሰነጠቃለች። በቆዳ ሙጫ ስትቀባ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያሹ መጫን ይበቃል፤ ሙጫው ሲይዝ እምቢ ስትል ጣት ይሰማዋል፣ ያኔ መተው ነው።

እርማት፦
«ተፈለጠ»ን በጉዳት ብቻ አትመድቡት። ሁለት ቦታ ተለያይቶ የወጣ ጣውላ «ተፈለጠ» መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ለጊታር ፊት የሚሆን ስፕሩስ ግንዱ ሲከፈል በመጋዝ ከተከፈለው ይልቅ «ፍልጥ» ይመረጣል፤ ፍልጥ ቃጫውን ተከትሎ ይሄዳል፣ መጋዝ ግን ቃጫውን እያቋረጠ ያልፋል። አንዱ ግስ ለተበላሸውም ለተመረጠውም እንጨት ስለሚያገለግል፣ በጽሑፉ ጉዳቱን «ተፈልጦ የተለያየ»፣ ጥሬ ዕቃውን «ፍልጥ ግንድ» ብሎ መለየት ይሻላል።