የማሳ ጠርዝ ለሸረሪት ይተው ወይስ ይታረስ?

ጤዛ፦ በየማሳው ጠርዝ የማይታረስና መድኃኒት የማይረጭበት ጥቂት ሜትር መሬት መተው ግዴታ ይሁን ወይ? እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ሸረሪት ተባይ የሚበላልን በነፃ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን ነፍሳትና ሌሎች ትንንሽ እንስሳት ይበላሉ ይላል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚበላው ግን ጫካና ሣር ምድር ላይ ነው። እርሻ ላይ ትንሽ ነው፣ ምክንያቱም እኛ አናስቀምጣቸውም።

ሞፈር፦ መሬት ተው ማለት መሬት ለማያርስ ሰው ቀላል ነው። የተተወ ጠርዝ አረም ያፈራል፣ አይጥ ይደብቃል። ደግሞ ሸረሪት በነፋስ ይመጣ የለ? ባረስኩ በሳምንቱ ማሳው ላይ ድር አያለሁ።

ጤዛ፦ ይመጣል፣ ግን የትኛው ነው የሚመጣው? ክራቸውን ለቀው በነፋስ የሚንሳፈፉት ትንንሾቹ ናቸው ቶሎ የሚደርሱት። ድር የማይሠሩትን፣ መሬት ላይ እየሮጡ የሚያድኑትን አስባቸው። እናቲቱ የእንቁላሉን ከረጢት ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ ሲፈለፈሉ ደግሞ ጫጩቶቹን በጀርባዋ ትሸከማለች። ማረሻ በዚያ ሰዓት ከገለበጣት ከነልጆቿ አለቀች ማለት ነው። ቁጥሩ ሊመለስ ይችላል፣ ዓይነቱ ግን ይሳሳል።

ቡቃያ፦ ሁለታችሁም መድኃኒቱን ረሳችሁት። ሳያርሱ መዝራት ለሸረሪት ጥሩ ነው፣ ገለባው መደበቂያና እርጥበት ይሆናል። ግን ብዙ ሰው ማረሱን ሲተው አረሙን በግላይፎሴት ነው የሚያጠፋው፣ ያኔ ድር የሚወጠርበት ተክልም አብሮ ይሄዳል። ፓይሬትሮይድ የሚባለው ነፍሳት ገዳይ መድኃኒት ከተረጨማ ሸረሪቱ ራሱ ነው የሚያልቀው። ኢንዶኔዥያ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሩዙን የሚመጠው ቡናማ ተባይ እንቁላሉን ተክሉ ውስጥ ሰክቶ ስለሚጥል መርጨቱ አያገኘውም፣ ሸረሪቱን ግን ይጨርሰዋል። የሚፈለፈለው ትውልድ ጠላት የሌለበት ማሳ ያገኛል። መንግሥት በ1986 እ.ኤ.አ. 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ሩዝ ላይ እንዳይረጭ እስከመከልከል ደረሰ።

ሞፈር፦ ያ ሩዝ ነው። የእኔ ችግር ክሽክሽ ነው፣ ያ የሰብሉን ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይ፤ ሸረሪት ደግሞ ክሽክሽ ብቻ በልቶ በደንብ አያድግም ሲባል ሰምቻለሁ።

ጤዛ፦ ልክ ነህ፣ ይህን አልክድም። ክሽክሽ ለሸረሪት ደካማ ምግብ ነው። ስለዚህ ነው ገለባና ፍግ ላይ የሚርመሰመሱት ሌሎች ነፍሳት የሚያስፈልጉት፣ ሸረሪቱን በእነሱ ነው የምታቆየው። ዋናው ጥቅሙም ገና ሰብሉ ሲበቅል ነው፣ ክሽክሹ ጥቂት እያለ። አንዴ ከወረረ በኋላ ሸረሪት ብቻውን ያድነኛል ብለህ አትጠብቅ።

ቡቃያ፦ ግዴታ ከሆነ ካሳ ይኑረው። የሚጎድለውን ምርት ገበሬው ብቻውን መሸከም የለበትም። እዚህ ላይ ከሞፈር ጋር ነኝ።

ጤዛ፦ እኔም በካሳው እስማማለሁ።

ሞፈር፦ እሺ፣ ካሳው ይምጣና እሞክራለሁ። ግን ጠርዙን ሳላጭድ ዝም ብዬ ልተወው ነው?

ጤዛ፦ አይ፣ እጨደው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን አትጨደው። ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ አድርገው፣ የእንቁላል ከረጢት የተጣበቀበት ደረቅ አገዳ ሁልጊዜ እንዲቀር። አረሙ ዘር ሳይጥል ደግሞ በእጅ ንቀለው።

ሞፈር፦ በምሥራቁ ጠርዝ እጀምራለሁ፣ እዚያ ድሮም ምርቱ ደካማ ነው።