ቲርሐቅ የማን ንጉሥ ነው? ከእንግሊዝ በፊት የነበረችው ሱዳን

የዴም ቡና፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ካርቱም ዴም ሰፈር ስድስት ዓመት ቡና እያፈላሁ ኖሬያለሁ። ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ ገባሁ። ትናንት የእህቴ ልጅ ለቤት ሥራው «ከእንግሊዝ በፊት ሱዳን ምን ነበረች?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ስኒውን እያዞሩ «እናንተ መጽሐፍ ላይ ያለችው ካንዳካ የእኛ ናት» ይሉኝ ነበር። እውነት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

መምህሩ፦
እህቴ፣ ሽማግሌው ልክ ናቸው። ካንዳካ በጥንቷ ሱዳን የነበረው የመሮዌ መንግሥት ንግሥቶች ማዕረግ ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ «ህንደኬ» የምንላት እሷን ነው።

ለልጁ ግን ከዚያ ቀድመሽ ጀምሪለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ግድም ከርማ የሚባል መንግሥት ነበር። በጭቃ ጡብ የተሠራው ቤተ መቅደሱ ዛሬም 18 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። በኋላ ግብፆች መጥተው አገሩን ያዙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ግን ነገሩ ተገለበጠ። እዚያው ሱዳን ያለችው የናፓታ ከተማ ንጉሥ ፒዬ ዘምቶ ግብፅን ራሷን ገዛ። ልጁ ታሃርቃ ደግሞ በመጽሐፈ ነገሥት «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ተብሎ የምናነበው ነው።

ከመሮዌ በኋላ ክርስቲያን መንግሥታት መጡ። የአንዱ፣ የአልዋ፣ ዋና ከተማ ሶባ ነበረች። አንቺ ከኖርሽበት ሩቅ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ1504 እስከ 1821 ደግሞ የሰናር ሱልጣኖች። ሰናርን የጣለው የግብፁ የመሐመድ ዓሊ ጦር ነው፤ እንግሊዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘአክሱም፦
ቆይ መምህር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ኢትዮጵያ እኛ አይደለንም እያልክ ነው?

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል። ግሪኮች ሲተረጉሙት «ኢትዮጵያ» አሉት፤ ለእነሱ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ሁሉ ነው። ግን የዒዛናን ድንጋይ ተመልከት። ግዕዙ «ሐበሠት» ያለውን ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይለዋል። የመሮዌን ሰዎች፣ ካሱን፣ ለብቻቸው ይጠራቸዋል። ንጉሣችን በ4ኛው መቶ ዘመን ስሙን ለራሱ ሕዝብ ይጠቀምበት ነበር። ቲርሐቅን ለጎረቤቶቻችን ብንተው ምንም አይጎድልብንም።

የዴም ቡና፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንዴ በዒድ በዓል ከጎረቤቶቼ ጋር የመሮዌ ፒራሚዶች ወዳሉበት ወደ «በጅራዊያ» ሄጄ ነበር፣ ከካርቱም 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። ፒራሚዶቹ ትናንሽና ሾል ያሉ ናቸው። የብዙዎቹ ጫፍ ግን የለም። ጊዜ የበላቸው መስሎኝ ነበር።

መምህሩ፦
ጊዜ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 1834 ፌርሊኒ የሚባል ጣልያናዊ ወርቅ ፍለጋ አፈራርሷቸዋል። ከመሮዌዋ ንግሥት ከአማኒሻኬቶ ፒራሚድ ያወጣው ጌጥ ዛሬ በርሊንና ሙኒክ ነው። ይህን ሳስብ የመቅደላ ነገር ትዝ ይለኛል፤ ያንገበግበኛል።

የዴም ቡና፦
ወይ ጉድ። እኔ እኮ እዚያ አንዱ ደጃፍ ላይ የተቀረጸች ሴት አይቻለሁ። ትከሻዋ ሰፊ፣ ዳሌዋ ሞላ ያለ፣ ጦር ይዛ ምርኮኞች ስትወጋ። ለልጁ ስነግረው የታሪክ ደብተሩን ከፍቶ ሊስላት ተቀመጠ። አሁን «ጦሩን በየትኛው እጇ ነው የያዘችው?» እያለ ይጠይቀኛል።