አስቸኳይ! አደይ አበባዬ ስትለጠፍ ትገረጣለች (ለነገ ጠዋት ነው)

ቢጫዋ · ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። በፈጠራችሁ ድረሱልኝ። የአዲስ ዓመት ካርድ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ደንበኛዬ ዳቦ ቤት ናት፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገጿ ላይ ትለጥፈዋለች። ላፕቶፔ ላይ ቢጫው እሳት ነው። ቴሌግራም ላይ ስለቀው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቢጫው ሽሮ መሰለ፣ አረንጓዴው ደግሞ ሦስት ቀን ያደረ ጎመን። አራት ጊዜ ላክሁት፣ ያው ነው። ብርሃኑን ጨምሬ ሞከርኩ፣ ባሰበት። ዘጠኝ ቀን የለፋሁበት ሥራ ነው። አምና አንዱ ፊርማዬን ቆርጦ የራሱ አድርጎ ለጠፈው፣ ዘንድሮ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ከዳኝ። ምን ላድርግ?

ኪያ · 2፡43

ውሃ አጠጫት፣ ደርቃብሽ ይሆናል።

የሰፈር ሰዓሊ · 2፡45

እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ስትልኪው ቴሌግራም ይጨምቀዋል። የወረቀት መያዣዋን ምልክት ነክተሽ «ፋይል» የሚለውን ምረጪ። አለቀ።

ቢጫዋ · 2፡48

እንደ ፋይልም ልኬዋለሁ። ደንበኛዬ ከፍታ ስታየው «ውይ ያምራል» አለች። ለሙከራ ስትለጥፈው ግን ያው ሽሮ።

አንባቢ ብቻ · 2፡50

ስልክሽ ላይ ያ ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው የዓይን መከላከያ በርቶ እንዳይሆን። የኔ አንዴ ሳላውቅ በርቶ፣ የሳልኩትን ሰው ሁሉ ጉበት የያዘው አስመስሎት ነበር።

ቢጫዋ · 2፡52

ጠፍቷል። የእማዬ ስልክም፣ የወንድሜም ላይ አየሁት። ሦስቱም ላይ አንድ ነው።

ጋሼ መዝገቡ · 2፡58

እህቴ፣ የቀለሙ ጉዳይ ቀላል ነው፣ ይስተካከላል። እኔን ያሳሰበኝ በመሃል ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። ፊርማሽን ቆርጦ የለጠፈ ሰው አጥፍቷል፣ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሥራሽ እንደተሠራ ጥበቃ ያገኛል፣ እስኪመዘገብ መጠበቅ የለብሽም። በሕይወት እስካለሽ ድረስ መብቱ ያንቺ ነው፣ ካለፍሽ በኋላም ለወራሾችሽ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ በየደረጃው የያዝሽውን ንድፍ አትሰርዢ። ሌየሩ (የሥዕሉ ንብርብር) ያልተጠፈጠፈውን ዋናውን ፋይል ለማንም አትስጪ። ክርክር ቢመጣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ካርዱ ላይ «እንቁጣጣሽ» ብለሽ ከጻፍሽ «ዕንቁጣጣሽ» ነው፣ በዓይኑ ዐ።

ኪያ · 3፡01

ጋሼ፣ ልጅቷ ቤቷ ተቃጥሎ እርስዎ የካርታ ጉዳይ ያነሳሉ።

ቢጫዋ · 3፡03

ጋሽዬ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ሌባውን ከበዓል በኋላ ላሳድደው። አሁን ቢጫዬን።

ባነር ቤት · 3፡06

ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ፋይሉ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም) ነው አርጂቢ (የስክሪን)? ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው።

ቢጫዋ · 3፡07

አርጂቢ ነው።

የሰፈር ሰዓሊ · 3፡08

እንደ ፋይል ላኪው አልኩሽ እኮ።

ወንዴ ፒክስል · 3፡11

እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ማነው ላፕቶፕሽ ትክክል ነው ያለሽ? ሰው የሚያየው በስልክ ነው። ስልክ ላይ ገርጥቶ ከታየ ሥራሽ ገርጣ ነው ማለት ነው። ላፕቶፕሽ ሲያሞካሽሽ ኖሮ ይሆናል። እኔ ከመጀመሪያው ስልኬ ላይ ነው የምስለው፣ እንዲህ ያለ ጣጣ አያውቀኝም። ደግሞ ለምን ጥርት አድርገሽ ትለጥፊያለሽ? 1080 ፒክስል ይበቃል። ያን ሰርቀው በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ሊያትሙት ቢሉ 9 ሴንቲ ሜትር ቢወጣው ነው። ሌባም ይሰለቸዋል።

ባነር ቤት · 3፡15

ወንዴ፣ በዚህ አልስማማም። ከገጽ ላይ የወረደ 1080 ፒክስል ምስል «2 ሜትር አድርጋችሁ አውጡልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። ስናወጣው እያንዳንዷ ነጥብ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች። ቀርበህ ስታየው ኬክ ላይ የተበተነ ስኳር ነው። ከአስፋልት ማዶ ግን ማን ልብ ይላል? ሌባ አይሰለቸውም፣ ባነር ደግሞ ከሩቅ ነው የሚታየው።

ወንዴ ፒክስል · 3፡17

እና እናንተ «የማን ነው» ብላችሁ አትጠይቁም?

ባነር ቤት · 3፡18

ጠይቀን እናውቃለን። «የእህቴ ልጅ የሳለው ነው» ይላል። የስንቱን እህት ልጅ እናጣራ?

ስደተኛ ብሩሽ · 3፡24

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ገና ከሰዓት ነው። በምሳ እረፍቴ አነበብኩት። ቢጫዋ፣ መልሱን ራስሽ ተናግረሽዋል፣ ማንም አላስተዋለም እንጂ። ፋይሉ ሲከፈት ደህና ነው፣ ሲለጠፍ ይገረጣል ብለሻል። ስለዚህ ሥዕሉ አልተበላሸም። ከሥዕሉ ጋር አብራ የምትሄድ መለያ አለች፣ ፕሮፋይል የምትባል። «እነዚህን ቁጥሮች እንዲህ አድርገህ አንብባቸው» ትላለች። ገጹ ምስሉን ሲያሳንስ መለያዋን ጥሏት ይሄዳል። ቁጥሮቹ ያለ አስተርጓሚ ይቀራሉ።

ፎቶሾፕ ከሆነ የምትጠቀሚው፣ መስኮቱ ታች በግራ በኩል ቁጥር የሚጻፍባት ቦታ አለች። አጠገቧ ያለችውን ቀስት ነክተሽ ዶክመንት ፕሮፋይል የሚለውን ምረጪ። ምን ይላል?

ቢጫዋ · 3፡29

ፎቶሾፕ ነው፣ አዎ። ሳልናገር ቀረሁ ለካ። «አዶቢ አርጂቢ 1998» ይላል። አንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ላይ «ሰፊ ስለሆነ ይሻላል» ብሎ ነበር፣ በዚያ ነው የቀየርኩት።

ስደተኛ ብሩሽ · 3፡33

አገኘነው። ሰውየው አልዋሸም፣ ሰፊ ነው። የሚጠቅመው ግን ለጥሩ ማተሚያና ሰፊ ቀለም ለሚያሳይ ስክሪን ነው። ኢንተርኔቱ የሚጠብቀው ኤስአርጂቢ የሚባለውን ጠበብ ያለ ፕሮፋይል ነው። አረንጓዴሽ ከቢጫሽ ይበልጥ መጎዳቱም ለዚህ ነው። የሁለቱ ፕሮፋይሎች ቀይና ሰማያዊ መነሻ አንድ ነው፣ የሚለያዩት አረንጓዴው ላይ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጊው፣ እሱን አትንኪው። ኮፒውን ፍላተን አድርጊና (ሌየሩን አንድ ላይ ጠፍጥፊውና) ኤዲት ውስጥ ገብተሽ ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል በይ። ከዝርዝሩ ኤስአርጂቢ የሚለውን ምረጪ። ስክሪንሽ ላይ ሥዕሉ ብዙም ሳይለወጥ መቅረት አለበት። ከዚያ በጄፔግ አውጪው፣ ፕሮፋይሉን አብሮ እንዲያስቀምጥ ምልክት አድርጊበት።

ተጠንቀቂ፣ ከጎኑ አሳይን ፕሮፋይል የሚል አለ። እሱን እንዳትነኪ። አሳይን ማለት አስር ብር ይዘሽ «ከዛሬ ጀምሮ አስር ዶላር ነህ» እንደማለት ነው። ኮንቨርት ግን ባንክ ሄዶ መመንዘር ነው።

ኪያ · 3፡35

ባንኩ ዶላር ካለው።

ወንዴ ፒክስል · 3፡36

ቢሆንም ላፕቶፑን ማመን የለባትም።

የሰፈር ሰዓሊ · 3፡40

ለማንኛውም እንደ ፋይል መላክም አይጎዳም።

ቢጫዋ · 3፡44

ኡፍ! አሳይኑን ነክቼው ነበር፣ ከመቅጽበት ሽሮ ሆነ። ማለቴ ያንኑ የተለጠፈውን ሽሮ። በገዛ ስክሪኔ! መለስኩት። ኮንቨርት እያደረግኩ ነው።

ስደተኛ ብሩሽ · 3፡45

እሰይ፣ በስህተትሽ ምርመራው ተረጋገጠ። ገጹ የሚሠራብሽ እሱን ነው።

ባነር ቤት · 3፡49

ቢጫዋ፣ ዳቦ ቤቷ በር ላይ የሚሰቀል ካርድም ከፈለገች ያንን ለኢንተርኔት ያወጣሽውን አትስጫት። ዋናውን ይዘሽ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሂጂ፣ በየትኛው ፕሮፋይል እንደሚሠሩ ጠይቂ። ለኤ3 በ300 ዲፒአይ 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልግሻል። ቀድሜ ደግሞ ልንገርሽ፣ ስክሪን ላይ ያለው ያ እሳት ቢጫ በወረቀት እንዳለ አይወጣም። ደማቁ አረንጓዴ ደግሞ ጭራሽ። ስክሪን መብራት ነው፣ ወረቀት ቀለም ነው። ደንበኞቼ በየበዓሉ የሚጣሉኝ በዚህ ነው።

አንባቢ ብቻ · 3፡53

እኛ ልጆች ሆነን ለእንቁጣጣሽ የደብተር ወረቀት ቀደን አበባና መልአክ ስለን ቤት ለቤት እናዞር ነበር። እስኪብርቶ ከሰማያዊና ከቀይ በላይ የለንም። ቢጫውን በምን እንደምሠራው ታውቃላችሁ? የእናቴን እርድ በምራቄ አሽቼ። ነጠላ ለብሰው የሚቀበሉኝ ሴትዮ ወረቀቱን አሽትተው «ወጥ ነው እንዴ የሳልከው?» ብለውኝ 25 ሳንቲም ሰጡኝ። አይገረጣም ነበር፣ ይሸት ነበር እንጂ።

ኪያ · 3፡54

ይኼ ሰው አንባቢ ብቻ አይደለም፣ ስሙን ይቀይር።

ጋሼ መዝገቡ · 3፡58

ያ ልጅ ሥዕሉን ቢሸጥም የቅጂ መብቱ ከሥዕሉ ጋር አይሄድም። ወረቀቱን መሸጥና መብቱን መሸጥ ለየብቻ ነው። መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ በጽሑፍ ይደረጋል። ቢጫዋ፣ ከዳቦ ቤቷ ጋር በጽሑፍ ተዋውለሻል ወይ? ለአንድ ጊዜ መለጠፊያ ነው ወይስ ከረጢታቸው ላይም ሊያትሙት ነው?

ቢጫዋ · 4፡02

ጋሽዬ በስልክ ነው የተነጋገርነው። ከረጢቱን አላሰብኩትም ነበር፣ አሁን ደነገጥኩ።

ስደተኛ ብሩሽ · 4፡04

እሱን ለከነገ ወዲያ። ፋይሉ ወጣ? ራስሽ ጋ «የተቀመጡ መልእክቶች» ውስጥ እንደ ፎቶ ልከሽ እዪው። የደንበኛዋን ገጽ ማስቸገር የለብሽም።

ቢጫዋ · 4፡09

ቆይ። ሴቭ እያለ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ 11 ፐርሰንት ነው። ዋይፋይም አብሮ ሄደ፣ ከስልኬ ነው የምጽፈው። ኮፒው መከፈት አለመከፈቱን ልየው

የሰፈር ሰዓሊ · 4፡12

የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዝጊ። ደግሞ ስልክሽን ከላፕቶፑ ቻርጅ እያደረግሽ ከሆነ ንቀይው!

ኪያ · 4፡13

በመጨረሻም ጠቃሚ ነገር ተናገረ።

ባነር ቤት · 4፡31

ቢጫዋ?

ስደተኛ ብሩሽ · 5፡50

ቢጫዋ፣ ካልሆነልሽ ሌየሩ የተጠፈጠፈውን ኮፒ ላኪልኝና እኔ ቀይሬ ልመልስልሽ። ዋናውን አይደለም፣ ጋሼ መዝገቡ እንዳይቆጡኝ።

ጋሼ መዝገቡ · መስከረም 1 ቀን 2017፣ ጠዋት 1፡15

እንኳን አደረሳችሁ ልጆች። ቢጫዋ ምነው ጠፋሽ? ካርዱ ተለጠፈ?

ኪያ · ጠዋት 2፡30

እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ። ዳቦ ቤቷን ስም ብትነግረን ኖሮ ሄደን እናይላት ነበር። ድፎም እናገኝ ነበር።

የገና ልጅ · ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ምሽት 1፡05

ሰላም፣ ፈልጌ ፈልጌ ይህን አገኘሁ። እኔም የገና ካርድ ሠርቼ ስለጥፈው ቀዩ የተቃጠለ ቡና ይመስላል። እህታችን በመጨረሻ ተሳክቶላት ነበር? አስቸኳይ ነው፣ ለከነገ ወዲያ ነው።

ስደተኛ ብሩሽ · ምሽት 1፡40

እሷ አልተመለሰችም። ያንተ ዶክመንት ፕሮፋይል ምን ይላል?