በአባታችን ፎቶግራፍ ትይዩ ያለው መስታወት ይሸፈን ወይስ ይተው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። እናታችን ፎቶግራፋቸውን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ማታ ማታ ጧፍ ያበሩላቸዋል። ከትይዩ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ስላለ ጧፉም ፎቶግራፉም ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ይህን ያዩ አንዲት ጎረቤታችን «እስከ አርባው ነፍስ ከቤት አትርቅም፤ መልኳን መስታወት ውስጥ ካየች መንገዱ ይጠፋታል» ብለው በነጠላ አስሸፈኑት። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሜክሲኮዎች ለሙታን በሚያሰናዱት የቤት መሠዊያ ላይ ሆን ብለው መስታወት እንደሚያኖሩ ትናገራለች። እናቴ በዚህ መሐል ተጨንቀው እንቅልፍ አጥተዋልና የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፣ ከመንዝ፦
ነፍሳቸውን ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አያቴ ያረፉ ዕለት አክስቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ መስታወት ከምስማሯ ሳታወርድ ፊቷን ወደ ጭቃው አዞረቻት፤ እስከ ተዝካሩም ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች። ምክንያቱን ስጠይቃት ግን ስለ መንፈስ አንድም ቃል አላነሳችም፤ «ሐዘንተኛ ፊቱን አያይም» ብቻ አለችኝ። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን ነጭተው፣ ጥቁር ለብሰው በሚቀመጡበት ቤት መስታወት ለማን ይሆናል? የነፍሱ ወሬ በኋላ የተጨመረበት ይመስለኛል።

መልስ፣ ከሎስ አንጀለስ (የአንኮበር ልጅ ነኝ)፦
እህትዎ የተናገረችው እውነት አለው፤ ነገር ግን መስታወት በሁሉም ቤት አይገኝም። ሜክሲኮዎች በፈረንጆቹ ኅዳር 1 እና 2 ቀን በመሠዊያው ላይ ፎቶግራፍ፣ ሻማ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ቢጫ አበባና ሟቹ ይወደው የነበረውን ምግብ ያኖራሉ። አንዳንዶች የሟቹን ፎቶግራፍ በቀጥታ እንዳይታይ ሰውረው በመስታወት ብቻ እንዲታይ ያደርጉታል፤ ይታያል እንጂ ከእኛ ጋር የለም ለማለት ነው። አይሁድ ግን በሰባቱ የሐዘን ቀናት መስታወትን ይሸፍናሉ። ሕዝባቸው ስለ መናፍስት ብዙ ያወራል፤ መምህራኖቻቸው ግን ሐዘንተኛ ስለ መልኩ እንዳይጨነቅና በመስታወት ፊት እንዳይጸለይ ነው ይላሉ። ይህም ከመንዝ ከተነገረው ጋር እጅግ ይቀራረባል።

መልስ፣ ከደብረ ሲና፦
በሰልስቱም፣ በአርባውም፣ በሰማንያውም ሟች የሚታሰበው በፍትሐት፣ በጸሎትና በምጽዋት ነው፤ ስለ መስታወት የታዘዘ ነገር የለም። እናታችን በዚህ አይጨነቁ። ለጎረቤታችሁም ክፉ ቃል አትመልሱ፤ አዝነውላችሁ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ነጠላው በጧፉ አቅራቢያ ከተንጠለጠለ እሳት እንዳይነሳ አደራ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሶቻችሁን ለእናቴ አነበብኩላቸው። «ሐዘንተኛ ፊቱን አያይም» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና «መስታወቱ ሲሸፈን ቀለል ያለኝ ነፍሱን ፈርቼ አይደለም፤ ጧፉን ሳበራ ከእሱ ፎቶግራፍ አጠገብ የራሴን ፊት ማየት አቅቶኝ ነው» አሉኝ። ዛሬ ጠረጴዛውን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛውረነዋል።