አስቸኳይ! የጊታር ድምፅ ማጉያው (አምፑ) ይበራል ግን ድምፅ የለውም፣ ሾው ነገ ማታ ነው

ዝገት (ጠያቂ)
ሰላም ጓዶች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ልምምድ ላይ እያለን አምፑ መሃል ላይ ጠፋብን። ማለቴ አልጠፋም፣ መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም። ሰሞኑን ትንሽ ትንሽ ይቆራረጥ ነበር፣ ላዩን መታ ሳደርገው ይመለሳል። ዛሬ ግን ብመታውም ብለምነውም ወይ ፍንክች። ነገ ማታ ሦስት ባንድ ነን፣ ሦስታችንም የምንጫወተው በዚሁ አምፕ ነው። ሜታል ሙዚቃ የሚያስገባን የሙዚቃ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱን ለማሳመን ወራት ፈጅቶብናል፣ ነገ ከተበላሸ ሁለተኛ በሩን አይከፍትልንም። ምን ላድርግ? ኬብል ነው እንዳትሉኝ፣ ኬብል ቀይሬያለሁ።

ድርብ ፔዳል
ድራመር ነኝ። የኔ መሣሪያ ሶኬት አይፈልግም። ነገ ማታ ነጻ ነኝ፣ ብቻዬን አንድ ሰዓት እሞላላችኋለሁ።

ጫጫታ
ፊውዝ ነው። ቀይረው።

አባ ቲዩብ
ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ "አሞኛል" ብቻ ብለህ ትወጣለህ? አምፑ ምንድነው? ቲዩብ (በሚግል የመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ነው ወይስ ትራንዚስተር? ስንት ዋት? ሄዱ (ማጉያው ራሱ) እና ካቢኔቱ (የስፒከር ሳጥኑ) ለየብቻ ናቸው ወይስ አንድ ላይ? "ይበራል" ያልከው የትኛው መብራት ነው? የፊቱ አምፖል መብራቱ ኃይል መግባቱን እንጂ ሌላ ነገር አይነግርህም። ስታንድባይ ላይ (በርቶ ድምፅ በማይሰጥበት ማቆያ ላይ) እንዳልሆነስ አይተሃል? አትሳቅ፣ እኔ ራሴ ስታንድባይ ረስቼ አምፕ የፈታሁበት ቀን አለ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልብ በል። ቲዩብ አምፕ ከሆነ ካቢኔት ሳይሰካበት ፈጽሞ እንዳታበራው። ስፒከር የሌለው ቲዩብ አምፕ ላይ ጊታር ከመታህ ጉልበቱ መውጫ ያጣና ተመልሶ የራሱን የውጤት ትራንስፎርመር ይበላል። ያ ከተቃጠለ ደግሞ ለነገ አይደለም፣ ለከርሞም አይደርስልህ። ሌላው፣ ክዳኑን ከፍተህ እጅህን እንዳትከት። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ይዘውት ይቆያሉ።

ዝገት
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። ቲዩብ ነው፣ 100 ዋት፣ ሄዱ ለብቻ፣ ካቢኔቱ ባለ 4 ስፒከር። ቲዩቦቹ ይግላሉ፣ ብርቱካናማ ሆነው ይታያሉ። ስታንድባይ አይደለም። ኬብል ያልኩት ደግሞ ሁለቱንም ነው፣ ከጊታሩ ወደ አምፑ ያለውንም፣ ከአምፑ ወደ ካቢኔቱ ያለውንም። ትርፍ የጊታር ኬብል ስለነበረኝ እሱን ሰካሁት።

አባ ቲዩብ
የት ሰካኸው?

አባ ቲዩብ
ወይ ጉድ። ወደ ካቢኔቱ የጊታር ኬብል? ስማ፣ ጫፋቸው አንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የጊታር ኬብል መሃሉ ፀጉር የሚያክል ሽቦ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ጩኸት የሚከላከል ሽፋን። የሚሸከመው የጊታርህን ጭላንጭል ምልክት ነው። የስፒከር ኬብል ሁለት ወፍራም ሽቦ ነው፣ 100 ዋት ይሸከማል። በቀጭኑ ስታሳልፈው ይግላል፣ ከቀለጠ ደግሞ ይበጠሳል ወይም እርስ በርሱ ይነካካል፣ ሁለቱም ትራንስፎርመርህን ሊገድሉት ይችላሉ። አሁኑኑ ንቀለው! ከቤዝ ካቢኔታችሁ የስፒከር ኬብል ተዋስ። አምፑ ጀርባ ያለው የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) መምረጫም ካቢኔቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ይግጠም፣ 8 ከሆነ 8፣ 16 ከሆነ 16።

ጫጫታ
ፊውዝ።

ሹል አፍ
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። እንዲህ ላለች ቤት 100 ዋት ምን ያደርግላችኋል? ከ100 ወደ 50 ዋት ብትወርዱ የምታጡት 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፣ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ነገር ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። 20 ዋት ቲዩብ ካቢኔቱ ፊት ማይክ ከተደረገበት ከበሮውን ይደርስበታል። ሁለተኛ ነገር፣ ሦስት ባንድ በአንድ አምፕ ላይ ተንጠልጥሎ "ሲን (የሙዚቃ ማኅበረሰብ) አለን" ይባላል እንዴ? ያ ሲን ሳይሆን አንድ አምፕ ነው።

ዝገት
ሜታል በ20 ዋት? እባክህ ተወኝ። ደሞ ሌላ አምፕ ቢኖረን እዚህ መጥቼ እለምን ነበር?

ድርብ ፔዳል
ከበሮ በዋት አይለካም። ዝም ብዬ ነው።

ወፍራም ክር
ኧረ አይዞህ። የብላክ ሳባት ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ1965 በርሚንግሃም ውስጥ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ያውም ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ የቀኝ እጁ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆረጠ። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በቀኙ ነው። ሰውየው ምን አደረገ? የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለበጠበት፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ፣ ኋላም እንዲላላለት የክሩን ቃና አወረደው። እኛ ዛሬ ሁላችንም ክር አውርደን የምንጫወተው አንድም በሱ ነው። አንተ አንድ አምፕ ነው የጎደለብህ።

ሞኖ
ኪኪኪ ሰውየው ስለ አምፕ ጠየቀ፣ የጣት ታሪክ ተነገረው።

ለማንኛውም፣ አምፑ ጀርባ "ሴንድ" እና "ሪተርን" የተባሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ? ካሉ ከፔዳል ቦርድ (የድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች ከሚደረደሩበት ሰሌዳ) ላይ አንዲት አጭር ኬብል ነቅለህ ሁለቱን አገናኛቸው። በብዙ አምፖች ሪተርን ጃክ ውስጥ ምንም ሳይሰካ ሲቀር ድምፁን የምታሳልፍ ትንሽ መገናኛ አለች፣ ስትቆሽሽ ወይም ስትላላ ድምፁ እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ መቆራረጡ፣ መታ ሲደረግ መመለሱ፣ ኋላ ጭራሽ ዝም ማለቱ፣ ይሄ ሁሉ የሷ ጠባይ ይመስላል። ኬብሏ ይቺን መገናኛ ትዘላታለች ማለት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲያ አድርጌ ተጫውቻለሁ፣ ዛሬም አላሠራሁትም።

ጫጫታ
ፊውዙን አየኸው ግን?

አባ ቲዩብ
ጫጫታ፣ ዋናው ፊውዝ ቢሄድ መብራቱስ እንዴት ይበራል? ግን እውነቱን ለመናገር ብዙ ቲዩብ አምፕ ሁለተኛ ፊውዝ አለው፣ የከፍተኛው ቮልቴጅ። እሱ ከሄደ መብራቱም ይበራል፣ ቲዩቡም ይግላል፣ ድምፅ ግን አይኖርም። ስለዚህ በአጋጣሚ ልክ ሊሆን ይችላል።

ጫጫታ
አላልኩም?

አባ ቲዩብ
በተጻፈው ልክ ብቻ ይተካ። "ለጊዜው" ተብሎ ከፍ ያለ ፊውዝ፣ ወይም ይባስ ብሎ በብልጭልጭ ወረቀት መጠቅለል፣ ቤቱን ማቃጠል ነው። ተክተኸው ወዲያው ድጋሚ ከሄደ ተወው፣ ቲዩብ ሞቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ትላልቆቹን ቲዩቦች በጨለማ እያቸው። ከመሃላቸው የአንዱ ውስጥ ያለው ብረት ራሱ ቀይ ከሆነ ያኔውኑ አጥፋ።

የሞኖን ነገር መጀመሪያ ሞክር። ጥሩ ምርመራም ነው። ጊታሩን ቀጥታ ሪተርን ላይ ስካውና ምታ። ቀጭንና ንጹሕ ድምፅ ከወጣ የኃይል ክፍሉ፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከፊት ነው። ምንም ከሌለ ችግሩ ከኋላ ነው።

ዝገት
እሺ፣ እሺ። ሴንድና ሪተርን አለው፣ ተጠቅሜበት ግን አላውቅም። ችግሩ አሁን መሞከር አልችልም። አምፑ ልምምድ ቤት ነው፣ ቁልፉ ቤዚስታችን ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ስልኩን አያነሳም።

ሹል አፍ
እና ይሄን ሁሉ ስናወራ አምፑ አጠገብህ የለም?

ዝገት
የለም።

ሞኖ
ቤዚስት ስልክ ያነሳበት ዘመን የለም።

ባለቁልፏ
እኔ ጊታር አልችልም፣ ቤት ነው የማስተዳድረው። ሜታልም አስገባለሁ። ስለዚህ ከመድረኩ ማዶ ያለውን ልንገርህ።

ለባለቤቱ አሁን ደውልለት። ነገ በር ሊከፈት ሲል ሳይሆን አሁን። "አምፕ ተበላሽቶብናል፣ እየሠራንበት ነው፣ ካልሆነ እንዲህ እናደርጋለን" በለው። እኛን የሚያስመርረን መሣሪያ መበላሸቱ አይደለም፣ መሣሪያ ሁሌም ይበላሻል። የሚያስመርረን ሰው ተሰብስቦ መድረክ ላይ አምስት ሰው ወደ አንድ ሳጥን አጎንብሶ ማየት ነው። አንዴ 40 ደቂቃ እንዲህ ቆይተው፣ ግማሹ ሰው መጠጡን ጨርሶ ወጣ። ሙዚቃው ሊጀምር ሲል በረንዳው ላይ የቀረው የባንዱ ዘመድ ብቻ ነበር። ቤቱ የሚኖረው በመግቢያውና በመጠጡ ነው፣ በዚያ ምሽት ሁለቱም አልገቡም። በሚቀጥለው ሳምንት ዲጄ አስገባሁ። ጥፋቱ የሜታል አልነበረም፣ ግን ሰው የሚያስታውሰው "የሜታሎቹ ቀን" ብሎ ነው።

አንድ አምፕ ለሦስት ባንድ መጋራቱን ደግሞ እኔ እወደዋለሁ፣ ሹል አፍ እንዳለው ውርደት አይደለም። ከበሮውና አምፑ ካልተነቃነቁ ባንድ መቀያየር አሥር ደቂቃ ነው። ብቻ ማን ምን እንደሚያመጣ በወረቀት ይጻፍ፣ ትርፍ ኬብልና ፊውዝ ማን እንደሚይዝ ጭምር። እና በተባለው ሰዓት ጨርሱ! ጎረቤት የሚከሰኝ ስለ ጩኸቱ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው።

የድምፅ ነገርም ካነሳን፣ ሠራተኞቼ እዚያው ነው የሚያመሹት። ለጆሮ ደህና የሚባለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው። እናንተ ከዚያም ታልፋላችሁ። በር ላይ የጆሮ መድፈኛ አስቀምጡ፣ ባለቤቱም ያስብልናል ይላል።

ሹል አፍ
ውርደት አላልኩም። ደካማ ነገር ነው ያልኩት።

ባለቁልፏ
እንግዲያው ሁለተኛ አምፕ አውሳቸው።

ሹል አፍ
እኔ ሩቅ ነኝ።

ወፍራም ክር
ሹል አፍ ግን አንድ ነገር ልክ ነው። አንድ በር ብቻ ስትጠብቅ በሩ ሲዘጋ ታልቃለህ። ቦትስዋና ውስጥ ኦቨርትረስት የሚባለው ዴዝ ሜታል ባንድ ጋንዚ ላይ የራሱን ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ቤት የሚጠራን እስኪመጣ ብሎ አልተቀመጠም። መሣሪያም ቢሆን፣ ሜታሊካ ጥር 1984 ቦስተን ላይ መሣሪያቸውን ተሰርቀው ነበር፣ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ሄትፊልድ የሚወደውን ማርሻል አምፕ ጭምር። አልተበተኑም።

ሞኖ
አንተ ሰውዬ ለሁሉም ታሪክ አለህ።

ዝገት፣ ሴንድና ሪተርኑ ካልሠራ ሁለት መንገድ አለ። ጊታሩ ሪተርን ላይ የሚሰማ ከሆነ የዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር) ፔዳልህን በሪተርን አስገባው፣ ጨዋታው ይሄዳል። ሪተርን ላይም ከሌለ የካቢኔት ድምፅ የሚያስመስል ፔዳል ያለው ሰው ፈልግና ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ (የቤቱ ድምፅ ማቀነባበሪያ) ግባ። ያለዚያ ፔዳል ዲስቶርሽን ወደ ሚክሰር ከገባ የንብ መንጋ ነው የሚመስለው። የአምፑን የስፒከር መውጫ ግን በምንም ተአምር ሚክሰር ላይ እንዳትሰካ። ኬብል ላይ ያደረግከውን ስላየሁ ነው የምነግርህ።

ዝገት
ገባኝ፣ ገባኝ። ለባለቤቱ ደወልኩ፣ ቆጣ ብሎ "ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሠርቶ ካላየሁት ዲጄ እጠራለሁ" አለ። ቤዚስቱም አነሳ፣ ተኝቶ ነበር። ጠዋት ከፍተን ቀጥታ ወደ ቤቱ እንወስደዋለን። የስፒከር ኬብል ከሱ ካቢኔት እወስዳለሁ። አጭር ኬብል ግን የለኝም፣ ፔዳል ቦርድ አልጠቀምም፣ እዚያ ካሉት ልጆች እፈልጋለሁ። ነገ የሆነውን እጽፍላችኋለሁ። አባ ቲዩብ፣ ሞኖ፣ እህቴ ባለቁልፏ፣ ኑሩልኝ።

አባ ቲዩብ
ዝገት፣ እንዴት ሆነ?

ድርብ ፔዳል
ሰዎች፣ ስልኬን ክፍት አድርጌ ነው የዋልኩት፣ ማንም አልጠራኝም።

አባ ቲዩብ
ዝገት?

ጫጫታ
ፊውዙ ነበር አይደል?

ሰባራ ቃና
ሰላም፣ እዚህ የመጣሁት ሌላ ነገር ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ሁለተኛ የተጫወተው ባንድ ጊታሪስት ነኝ። መድረክ ጀርባ ሳለሁ ከፔዳል ቦርዴ ላይ አንዲት አጭር ኬብል ጠፍታብኛለች፣ ቀይ ናት፣ አንዱ ጫፏ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሏል። ተራዬ ደርሶ ከአንድ ፔዳል ቀንሼ ነው የተጫወትኩት። የወሰዳችሁ ሰዎች እባካችሁ መልሱልኝ፣ ለሚቀጥለው ወር ሾው ታስፈልገኛለች።